የነጣ ጀልባ ሁሉ ያረጀ ጀልባ አይደለም
የማኅበር ጀልባን ገላ ስለ መወልወል፣ ስለ ማለስለስና በሰም ስለ መለበጥ

ከግብርና ኤክስቴንሽን ዘጋቢያችን

የደንገል ታንኳ ያለው ሰው ከሐይቅ እንደተመለሰ ታንኳውን አውጥቶ በፀሐይ ያደርቃል። ይህን ካላደረገ ታንኳው ውሃ ጠጥቶ እንደሚከብድና ቶሎ እንደሚበሰብስ ከአባቱ ተምሯል። የማኅበር ንብረት የሆነው የፋይበርግላስ ጀልባ ግን አይበሰብስም ስለሚባል ዓመቱን ሙሉ ያለ ዳስ በዳር ተጥሎ ይታያል። ታንኳን የምታድነው ፀሐይ ጀልባውን ቀስ በቀስ እንደምትበላው የሚያስብ ጥቂት ነው።

በጣና ሐይቅ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ለዓሣ አስጋሪዎች በልማት ፕሮግራም መቅረብ የጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1986 ነው። ከዚያ ወዲህ ጀልባ የዓሣ ማስገሪያ፣ የሰውና የእህል ማመላለሻ መሣሪያ ሆኖ ብዙ ቤተሰብ ይተዳደርበታል። እንዲህ ያለው ንብረት ያለ ዕድሜው እንዳይጣል የገበሬ ማኅበርና የኅብረት ሥራ ማኅበር መሪዎች አያያዙን ማወቅ ይገባቸዋል።

ጀልባው ለምን ይነጣል?

የፋይበርግላስ ጀልባ ገላ የተሠራው ከመስታወት ክርና ሬዚን ከሚባል ማጣበቂያ ነው። በላዩ ላይ ቀለም ያለው ቀጭን ቆዳ አለው፤ ባለሙያዎች ጄልኮት ይሉታል። ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የፀሐይ ጨረር፣ አየርና እርጥበት ይህን ቆዳ ከላይ ጀምረው ሲበሉት ብርሃኑ ይጠፋል፤ በእጅ ሲነካ እንደ ጠመኔ ነጭ ዱቄት ያወጣል። ይህ ጉዳት ኦክሲዴሽን ይባላል።

ከባሕር ወለል በላይ በ1,000 ሜትር ከፍ ባሉ ቁጥር የሚጎዳው ጨረር ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል። ጣና ደግሞ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል። ስለሆነም በደጋ ሐይቅ ያለ ጀልባ በባሕር ዳርቻ ካለው የበለጠ ጥበቃ ያስፈልገዋል።

ከአንድ ስሕተት የተገኘ ትምህርት

ይህ ጸሐፊ በአንድ ሐይቅ ዳር የማኅበሩ ኮሚቴ የነጣ ጀልባውን እንደ አሮጌ ዕቃ በርካሽ ለመሸጥ ሲመክር ደርሶ ነበር። ከመሸጡ በፊት ይሞከር ተባለና ገላው በውሃ ራሰ። ውሃው እንዳረፈበት የቀድሞው ሰማያዊ ቀለም ደምቆ ታየ። ይህ ጥሩ ምልክት ነው፤ ጉዳቱ ከላይ ብቻ መሆኑን ያመለክታል። ሽያጩም ቀረ።

ሆኖም ሥራው ሲጀመር ተሳሳትን። ጊዜ ለመቆጠብ ብለን ብረት መቁረጫ ፍሌክሲብል ላይ ጨርቅ አስረን እንድንወለውል ሐሳቡን ያቀረብኩት እኔ ነበርኩ። ፍሌክሲብል በደቂቃ ከ10,000 ጊዜ በላይ ይዞራል፤ ለመወልወያ የተሠራ ማሽን ግን በደቂቃ ከ1,000 እስከ 2,000 ዙር ይበቃዋል። ጥቂት ሳንቆይ በጀልባው ጠርዝ ላይ ቆዳው ተቃጥሎ የመስታወቱ ክር ወጣ። ያን የእጅ መዳፍ የሚያህል ቦታ እንደገና በጄልኮት ማስሞላት ግድ ሆነ። የቀረውን በእጃችን ሠራነው፤ አምሮ ወጣ። ከዚህ የተማርነው መወልወል ማለት ከጀልባው ቆዳ ላይ መቀነስ መሆኑን ነው። የተቀነሰውም አይመለስም።

የሥራው ቅደም ተከተል

አንደኛ፦ ጀልባውን ከውሃ አውጥቶ በዳስ ወይም በዛፍ ጥላ ሥር ማስቀመጥ። ገላው በፀሐይ የጋለ እንደሆነ መወልወያው ቶሎ ስለሚደርቅ ሥራው ይበላሻል።

ሁለተኛ፦ በንጹሕ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና አጥቦ ማድረቅ። እንደ ድስት በአሸዋና በአመድ መፈግፈግ ገላውን ስለሚጭር ፈጽሞ አይገባም። ስንጥቅ ወይም ያበጠ ቦታ ከተገኘ በቅድሚያ በባለሙያ ይጠገን፤ መወልወል ስንጥቅን አይደፍንም።

ሦስተኛ፦ የጉዳቱን መጠን መለየት። ብርሃኑ ብቻ የደበዘዘ ከሆነ ፖሊሽ ይበቃዋል። ዱቄት የሚያወጣ ከሆነ የመኪና ቀለም ቀቢዎች ኮምፓውንድ የሚሉት መወልወያ ያስፈልጋል። በጣም የሻከረውን ግን በውሃ የሚሠራ የብርጭቆ ወረቀት በቁጥር 800 ጀምሮ ወደ 1000፣ ከዚያም ወደ 1500 እያለሰለሱ ማሸት ይገባል። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ወረቀቱ ይልማል። ሁልጊዜ በቀላሉ መንገድ መጀመርና እሱ ካልሠራ ብቻ ወደሚከብደው መሄድ ብልኅነት ነው።

አራተኛ፦ ኮምፓውንዱን በጨርቅ ይዞ ክንድ በክንድ በሆነ ቦታ ላይ እያዞሩ ማሸት፤ ያ ቦታ ሳያልቅ ወደ ሌላው አለመሻገር። ማሽን ካለ በዝቅተኛ ፍጥነት ይሠራ፤ በአንድ ቦታ አይቁም፤ በጠርዝና በማዕዘን ላይ አይጫኑት። ቀለሙ እኩል ሆኖ ሲወጣ ማቆም ነው። ከዚያ በኋላ ኮምፓውንዱ የተወውን ጭረት በፖሊሽና በሌላ ንጹሕ ጨርቅ ማለስለስ ይከተላል።

አምስተኛ፦ በሰም መለበጥ። ብዙዎች ጀልባው ስላበራ ሥራው ያለቀ መስሏቸው ይህን ይተዉታል። የተወለወለ ገላ መከላከያ የሌለው ገላ ነው፤ ሰም ካልተቀባ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ ይነጣል። ለጀልባ ወይም ለመኪና የተዘጋጀ ሰም በስሱ ተቀብቶ፣ ደርቆ ጭጋግ ሲመስል በንጹሕ ጨርቅ ይወለወላል፤ ይህም ሁለት ጊዜ ይደገማል። በነጣው ገላ ላይ ሳይወለውሉ ሰም መቀባትም ዋጋ የለውም፤ ሰሙ የሚይዘው የሚረግፈውን ዱቄት ስለሆነ አብሮት ይሄዳል።

በየመንደሩ የንብ ሰም እያለ ለምን ይገዛል የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። የንብ ሰም በ62 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል፤ ለስላሳ በመሆኑም አቧራ ይይዛል። ለመኪናና ለጀልባ በሚሸጡት ሰሞች ውስጥ የሚጨመረው ካርናውባ የተባለው ሰም ግን ከአንድ የብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚገኝ ጠንካራ ሰም ሲሆን የሚቀልጠው ከ80 ዲግሪ በላይ ነው። ስለዚህ የንብ ሰሙን ለገበያ አውጥቶ ተገቢውን መግዛት ይሻላል።

ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

ዱቄቱ ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ አፍና አፍንጫ ይሸፈን፤ ዓይንም በመነጽር ይጠበቅ። በቤንዚን ማጠብ እሳት ያስነሣል። የእጥበቱ ውሃና የቆሸሸው ጨርቅ ወደ ሐይቁ መጣል የለበትም፤ ዓሣውም ውሃውም የማኅበሩ ሀብት ነውና ሥራው ከዳሩ ራቅ ብሎ ይከናወን።

የመሪዎች ድርሻ

የጋራ ንብረት የሚጎዳው ጠያቂ ሲያጣ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጀልባ አንድ ኃላፊ ይመደብ፤ የታጠበበትና ሰም የተቀባበት ቀን በመዝገብ ይያዝ። ለሥራው ተስማሚው ጊዜ ዝናብ ካቆመ በኋላ፣ አዝመራ ከመድረሱ በፊት ያለው ጥቅምት ነው፤ የበጋው ፀሐይ ሳይበረታ ጀልባው ይለበጣል፤ የሰው ጉልበትም ከአጨዳ ጋር አይሻማም። ከዚያ በየሦስት ወሩ ጥቂት ውሃ በገላው ላይ ማፍሰስ ነው። ውሃው እንደ ጤዛ ከተንጠባጠበ ሰሙ አለ፤ ተነጥፎ ከቀረ ሰም ይደገም። ጀልባው በማይሠራበት ጊዜ የሣር ዳስ ቢሠራለት ደግሞ ድካሙ ይቀንሳል።

በየጊዜው ሰም የሚቀባ ጀልባ ኮምፓውንድ የሚያስፈልገው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ቸል የተባለው ግን በተወለወለ ቁጥር ቆዳው እየሳሳ ሄዶ አንድ ቀን የሚወለወል ነገር ይጠፋል። አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ። የነጣ ጀልባ ያላችሁ የማኅበር መሪዎች ለሽያጭ ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ጣሳ ውሃ አፍሱበትና ቀለሙን ተመልከቱ።