ስልክ ሲገዙ በእጅዎ ይለኩት

ጫማ የሚገዛ ሰው በእግሩ ሳይለካ ገንዘቡን አይከፍልም። ቀሚስም ቢሆን ትከሻውና ወገቡ ታይቶ ነው የሚገዛው። ስልክ ሲሆን ግን ብዙዎቻችን የምንጠይቀው ስለ ካሜራው፣ ስለ ባትሪውና ስለ ዋጋው ብቻ ነው። ዕቃው ቀኑን ሙሉ የሚውለው በእጃችን ሆኖ ሳለ ለእጃችን መመቸቱን የምንመረምር ጥቂቶች ነን።

ይህን ጉዳይ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። እንደሚታወቀው በደብረ ታቦር ከተማና በደቡብ ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች የአንዲት እናት ሁለት እጆች በአንድ ጊዜ ባዶ የሚሆኑበት ሰዓት ጥቂት ነው። ከፋርታ ገጠር ድንች ወይም ገብስ ጭና ገበያ የምትወጣ እናት በአንድ እጇ የአህያዋን ገመድ ትይዛለች። ልጅ ያዘለች እንደሆነ አንድ እጇ ወደ ኋላ ዞሮ ልጁን ይደግፋል። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ብርዳማ ከተማ በመሆኗ ጋቢን ሰብስቦ የሚይዝ እጅም ያስፈልጋል። በክረምት ደግሞ ጃንጥላ አለ። እንግዲህ ለስልኩ የሚተርፈው አንዱ እጅ ብቻ ነው።

ስልኩ ግን ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የመጀመሪያው አይፎን ስክሪኑ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን 3.5 ኢንች፣ ማለትም 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ክብደቱ 135 ግራም ነበር። ዛሬ በየሱቁ ከሚደረደሩት የቴክኖ፣ የኢንፊኒክስና የሳምሰንግ ስልኮች ብዙዎቹ ከ6.5 ኢንች በላይ ናቸው፤ ክብደታቸውም ወደ 200 ግራም ይጠጋል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2020 «ሚኒ» የተባለ 5.4 ኢንች ስልክ አውጥቶ ነበር፤ ከ2021 በኋላ ግን ሌላ ሚኒ አላወጣም። የሴት እጅ በአመዛኙ ከወንድ እጅ የሚያንስ በመሆኑ የዚህ ስፋት ጫና ይበልጥ የሚያርፈው በሴቶች ላይ ነው።

በአንድ እጅ መጠቀም የእኛ አገር ልማድ ብቻ አይደለም። ስቲቨን ሁበር የተባለው የንድፍ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ጥናት፣ በመንገድና በመጓጓዣ ስክሪናቸውን ሲነኩ ከታዩት ሰዎች 49 ከመቶ የሚሆኑት ስልካቸውን በአንድ እጅ ይዘው ነበር።

ነገሩ የምቾት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። ይሁን እንጂ ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ከጀመረ ወዲህ ስልክ የገንዘብ ቦርሳም ሆኗል። ልጅ ያዘለች እናት ገበያ መካከል ቆማ ሒሳብ ልትከፍል ስትል አውራ ጣቷ ከስክሪኑ ዳር አልደርስ ይላታል። ታዲያ ስልኩን አጠገቧ ላለ ሰው ሰጥታ «እስቲ አንተ ንካልኝ» ትላለች፤ የምሥጢር ቁጥሯንም በቃል ትነግረዋለች። ሰውየው ታማኝ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ምሥጢር መሆኑ ቀርቷል። ስለዚህ እህቴ፣ የቸኮሉ ቢሆኑም እንኳ ዘንቢልዎን አስቀምጠው ቁጥሩን በራስዎ እጅ ያስገቡ። የቁልፍ ስልክ ያላችሁም *127# በመደወል በቴሌብር መጠቀም እንደምትችሉ አትዘንጉ።

ከዚህም በላይ የጤና ጉዳይ አለ። ከአውራ ጣት ሥር እስከ እጅ አንጓ የሚሰማ የጅማት ሕመም አለ፤ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1895 ስለ ሕመሙ በጻፈው የስዊስ ሐኪም ስም «ደ ኬርቫን» ይሉታል። ሕፃን ደጋግመው በሚያነሡ አራስ እናቶች ላይ በብዛት ይታያል። በዚህ ላይ አውራ ጣትን ከሰፊ ስክሪን ጫፍ ለማድረስ ደጋግሞ መለጠጥ ለታመመው ጅማት ዕረፍት ይነሣዋል። ሕመሙ ካልተወዎት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ሰፊ ስልክ ጥቅም የለውም ማለታችን ግን አይደለም። ዓይናቸው ለደከመ አረጋውያን ፊደሉ ጎልቶ ይታያል፤ ለተማሪዎችም መጽሐፍ ለማንበብ ይመቻል። የላቲን ፊደላት 26 ሲሆኑ የእኛ 33 ፊደላት እያንዳንዳቸው ሰባት ድምፅ ስላላቸው፣ በአማርኛ ለመጻፍም ሰፋ ያለ ስክሪን ይረዳል። ስለሆነም ስልኩ በአብዛኛው በቤት ተቀምጠው የሚጠቀሙበት ከሆነ ሰፊውን መምረጥ አይከፋም።

ሱቅ ሲገቡ እንዲህ ያድርጉ። ስልኩን ዘወትር በሚይዙበት እጅ ይያዙት፤ ከቨር የሚያደርጉለት ከሆነ ከነከቨሩ ይሁን። ከዚያም አያያዝዎን ሳይቀይሩ አውራ ጣትዎን በተቃራኒው ወገን ወዳለው የላይኛው ማዕዘን ይስደዱ። ካልደረሰ፣ ወይም ስልኩ ከመዳፍዎ ሊያመልጥ ከቃጣው፣ አነስ ያለ ይጠይቁ። ስምዎንም በአማርኛ በአንድ አውራ ጣት ጽፈው ይሞክሩ።

ሰፊ ስልክ አስቀድመው ገዝተው እንደሆነ ደግሞ መላ አለ። በብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ሴቲንግ ውስጥ ስክሪኑን ወደ ታች አውርዶ ወይም አሳንሶ ለአንድ እጅ የሚያመች ምርጫ ይገኛል። የጽሕፈት ገበታውም ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ሊሰበሰብ ይችላል። ከስልኩ ጀርባ የሚለጠፍ የጣት ቀለበትም ስልኩ እንዳይወድቅ ያግዛል።

በመጨረሻም ለባሎች፣ ለወንድሞችና በዓረብ አገር ሆናችሁ ለእናቶቻችሁ ስልክ ለምትልኩ ልጆች የምናሳስበው አለ። ትልቁንና ውዱን ከመምረጣችሁ በፊት እናታችሁ ስልኩን የት ሆነው፣ በየትኛው እጃቸው እንደሚጠቀሙበት ጠይቋቸው። ስጦታው ለእጃቸው የሚመች ከሆነ ምሥጢራቸውን ለሌላ ሰው ሳይሰጡ በራሳቸው ይጠቀሙበታል።