ደመናን ስለ መጠበቅና ያዩትን በእውነት ስለ መጻፍ

የነጋዴ ገንዘብ በሣጥን ተቈልፎ ይቀመጣል፤ የገበሬ ገንዘብ ግን በሜዳ ተዘርግቶ የሚያድር ነው፤ ጣሪያውም ሰማይ ብቻ ነው። አባቶቻችን ይህን ስላወቁ ክረምቱን ከፋፍለው ለየክፍሉ ስም ሰጥተውታል፤ ከሐምሌ 19 እስከ ነሐሴ 9 ቀን ያለውንም የመብረቅና የነጐድጓድ፣ የባሕርና የአፍላግ ጊዜ ብለውታል። ይህም ሰማይን በብዙ ዘመን ከመመልከት የተገኘ ዕውቀት ነው። ሆኖም የወራቱ ስም በረዶው ዛሬ በማን ማሳ ላይ እንደሚወርድ አይናገርም።

በደቡብ አቸፈር በዱርቤቴ ዙሪያ ያለ ገበሬ በቆሎው ሲያሸት በረዶ ቢወርድበት የዓመት ድካሙ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጠፋል። ደመናውም አንዱን ጎጥ ሲመታ የሚቀጥለውን ጎጥ ሳይነካ ሊያልፍ ይችላል። በሰማይ የሚዞረው ሳተላይት የደመናውን ጀርባ ከላይ ያያል እንጂ ምድር የደረሰውን በስፍራው እንደ ቆመ ሰው አያይም። ስለዚህ በየቀበሌው የሚመለከትና የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል።

ይህ ሥራ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1973 ዓ.ም. የተቋቋመውና ዛሬ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚባለው መሥሪያ ቤት፣ ከትልልቆቹ ጣቢያዎች ሌላ ዝናብ ብቻ የሚለካባቸው አነስተኛ ጣቢያዎች አሉት። በነዚህም ጠባቂው በየቀኑ ከጧቱ በ3 ሰዓት መለኪያውን አይቶ ይጽፋል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው፤ እንግዲህ 40 ሚሊ ሜትር የወረደበት አንድ ሄክታር 400 ሺህ ሊትር ተቀብሏል ማለት ነው። ከዱርቤቴ በስተ ደቡብ በምትገኘው በዳንግላ ወረዳም፣ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የዳንገሽታ ቀበሌ ነዋሪዎች ከእንግሊዝ አገር የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ዝናቡን፣ የወንዙን ከፍታና የጕድጓዱን ውሃ ሲለኩ ነበር። መዝገቡ ሲመረመር በጥንቃቄ የተጻፈ የባላገር ልክ እምነት የሚጣልበት ሆኖ ተገኝቷል።

በአሜሪካ አገር ደግሞ ስካይዋርን በሚባለው ማኅበር ከ350 ሺህ የማያንሱ ሰዎች ያለ ደመወዝ፣ የሁለት ሰዓት ያህል ትምህርት ተቀብለው፣ ብርቱ ነፋስና በረዶ፣ ጎርፍም ሲያዩ ለአየር ጠባይ መሥሪያ ቤቱ ያስታውቃሉ።

በእኛም አገር መምህሩ፣ የጤና ሠራተኛው፣ የግብርና ሠራተኛው፣ ማንበብና መጻፍ የሚችለውም ወጣት ገበሬ ይህን ሊሠራ ይችላል። ሰዓቱንና ቦታውን፣ የበረዶውንም መጠን እንደ ሽምብራ ወይም እንደ ባቄላ ብሎ መጻፍ ይበቃል። ግልገል ዓባይ ከሰከላ ተራሮች ሞልቶ ሲወርድ በታች ያለው ሰው ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ሊደርስበት ይችላልና፣ በላይ ያለው ሰው ቢያስታውቀው ከብቱን ከወንዝ ዳር ያርቃል።

ጠባቂው ግን አስቀድሞ ራሱን ይጠብቅ። የነጐድጓድ ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ብልጭታውን አይቶ 30 ሳይቈጥር ድምፁን የሰማ ሰው ከዛፍ ሥር ሳይጠጋ ወደ ጽኑ ቤት ይግባ፤ የመጨረሻውንም ነጐድጓድ ከሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ይቈይ።

ከሁሉም የሚበልጠው እውነተኛነት ነው። ዝናብ ባልዘነበበት ቀን 0 ተብሎ ይጻፍ፤ ሳይለካ የዋለውም ቀን እንዳልተለካ ይመልከት እንጂ በግምት አይሞላ፤ 0 እና ባዶ ቦታ አንድ አይደሉምና። የሽምብራ ያህሉን በረዶ የእንቍላል ያህል ነው ብሎ ያስታወቀ ሰው፣ እውነተኛው ጥፋት በመጣ ቀን የሚያምነው አያገኝም፤ ጕዳቱም የራሱ ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱም ይሆናል። መሥሪያ ቤቶችም የተቀበሉትን ቃል በጊዜው መልሰው ለገበሬው ማድረስ ይገባቸዋል፤ የላከው ወሬ የት እንደ ደረሰ የማያውቅ ሰው በሁለተኛው ዓመት መጻፉን ይተዋልና።

እንግዲህ ደመናውን መከልከል አይቻለንም፤ መምጣቱን ለጎረቤት በእውነት መንገር ግን የሁላችንም ችሎታ ነው።