የልጆች የወገብ ዲስክ ሕመም፦ ምርመራውና ቀዶ ሕክምናው

ዲስክ በሁለት የአከርካሪ አጥንቶች መካከል ተቀምጦ ጫናን የሚያከፋፍል፣ ዙሪያው ጠንካራ፣ መሐሉ ለስላሳ የሆነ አካል ነው። የጎልማሳ ዲስክ በውስጡ የደም ሥር የለውም ማለት ይቻላል፤ በሕጻንነት ግን ከአጥንቱ ተሻግረው የሚመግቡት ጥቃቅን የደም ሥሮች ስላሉ፣ በደም የሚዘዋወር ተህዋስ ዲስኩን ራሱን ሊያጠቃው ይችላል። ስለዚህም የትንሽ ልጅ ወገብ ሲታመም አስቀድሞ መጠርጠር ያለበት፣ ብዙዎች እንደሚቸኩሉት የዲስክ መንሸራተት ሳይሆን ኢንፌክሽን፣ በኢትዮጵያም በተለይ የአከርካሪ ቲቢ ነው። ቲቢ ሰው በተጨናነቀባቸውና አየር እንደ ልብ በማይገባባቸው ክፍሎች የሚተላለፍ በመሆኑ፣ በቃሊቲ ማረሚያ ቤት ከታሰሩ እናቶቻቸው ጋር የኖሩ ሕጻናት የወገብ ሕመም ሲገጥማቸው ይህ ጥርጣሬ ቶሎ ሊነሣ ይገባል።

ለዚህ የሚረዳ፣ ምንም ወጪ የማይጠይቅና ያለ አግባብ የተናቀ ምርመራ አለ። ሐኪሙ ሳንቲም መሬት ላይ ጥሎ ልጁ እንዲያነሣው ይጠይቃል፤ ጤናማ ልጅ ወገቡን አጥፎ ሲጎነበስ፣ አከርካሪው የታመመበት ግን ጀርባውን ቀጥ አድርጎ ጉልበቱንና ዳሌውን አጥፎ ቁጢጥ ይላል፤ ሲነሣም እጁን ጭኑ ላይ ይደግፋል። ገና በአግባቡ መናገር ያልጀመረ ሕጻን መራመድን ወይም መቀመጥን እምቢ ማለቱም ከቅብጠት ሊቆጠር አይገባም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኤክስሬይ ምንም ላያሳይ ስለሚችል፣ «ንጹሕ ነው» ተብሎ የተመለሰ ልጅ ከጥርጣሬ አይወጣም፤ ኤም አር አይ ግን ቀደም ብሎ ያሳያል።

የአከርካሪ ቲቢ በአብዛኛው ለ12 ወራት በሚሰጥ መድኃኒት ይታከማል፤ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ኅብለ ሰረሰር ሲጨቆን ወይም በሽታው የሚያመጣው የጀርባ ጉብጠት ሲብስ ነው። እውነተኛ የዲስክ መንሸራተት የሚታየው ባብዛኛው በጉርምስና ዕድሜ ሲሆን፣ አንዳንዴ የአጥንቱ የእድገት ጠርዝ ተሰብሮ አብሮ ይወጣል። ሕመሙ በዕረፍትና በመድኃኒት ካልታገሠ ወይም እግር እየደከመ ከሄደ፣ ነርቩን የሚጫነው ቁራጭ በትንሽ ቀዳዳ ይወጣል፤ ሽንትን መቆጣጠር አለመቻልና በመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ ግን የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ምልክቶች ናቸው።

የከበደ ጉብጠት ያለባቸው ኢትዮጵያውያን ልጆች፣ በአዲስ አበባ በሚሠራው አሜሪካዊ ሐኪም ሪክ ሆድስ አማካይነት ጋና በሚገኘው የፎኮስ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና አግኝተዋል። ነገሩ እዚህ እንዳይደርስ ግን፣ መጎንበስ እምቢ ያለውን ልጅ ለወጌሻ አሳልፎ መስጠት በተህዋስ የተበላን አጥንት ማሻሸት ሊሆን ይችላልና፣ ወላጅ በቅድሚያ ወደ ጤና ጣቢያ ሊወስደው ይገባል።