የጎጃም አፈር የተጻፈበት ወረቀት

ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው ጎዳና 35 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው መራዊ ይደርሳል። በበጋ ወራት፣ ሌላው አገር ገለባና አቧራ በሆነበት ጊዜ፣ በመራዊ ዙሪያ ያለው ማሳ ስንዴና ድንች ለብሶ ሲታይ እንግዳውን ሰው ያስደንቀዋል። ምሥጢሩ የቆጋ ግድብ ነው። ከአፍሪካ ልማት ባንክ በተገኘ ብድር የተሠራው ይህ ግድብ 7,000 ሄክታር መሬት እንዲያጠጣ የታቀደ ሲሆን፣ ሰማይ ሰማይ እያየ በዓመት አንድ ጊዜ ያመርት የነበረው የሜጫ ገበሬ ሁለተኛ ጊዜ ያመርት ዘንድ አስችሎታል።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ወደ ፍኖተ ሰላም ለመሄድ መራዊ ላይ መኪና ስንጠብቅ፣ የኬሚስትሪ ደብተሩን በብብቱ የያዘ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አጠገባችን ተቀመጠ። ጨዋታ ተጀመረ፤ ዩኒቨርሲቲ ተምረን መውጣታችንንም ሲሰማ ጥያቄውን አቀረበ።

«ጋሼ፣ የአባቴ ማሳ ውሃ አላጣም፤ ማዳበሪያም አላጣም፤ ስንዴው ግን ይቀጭጫል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛዋ አፈሩ ኮምጣጣ ነው፣ ኖራ ይፈልጋል ብለውናል። እኛ አሲድና ቤዝ እያልን የምንማረው ይኸው አይደለም? ታዲያ ስንት ኖራ ነው የሚበቃው? የት አገኝቼ ላንብበው?»

ከጥያቄው እኩሌታውን መለስንለት። የምዕራብ ጎጃም ዝናብ ብዙ ነው፤ ብዙ ዘመን የዘነበ ዝናብ ደግሞ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን እያጠበ ይወስደዋል። የአፈሩ ፒ ኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ ሥሩን ይጎዳዋል፤ ገበሬው በገንዘቡ ገዝቶ የበተነው ፎስፎረስም ከአፈሩ ጋራ ተጣብቆ ለአዝመራው ሳይደርስ ይቀራል። ኖራ ይህን አሲድ ያበርደዋል። ስንት ኖራ ለሚለው ግን መልሱ እንደ አፈሩ ይለያያል፤ አንዱ ማሳ ከሌላው እኩል አይፈልግም። «የት ላንብበው?» ለሚለው ጥያቄ ደግሞ መልስ አጣን። መኪናው መጣ፤ ተሳፈርን፤ እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስም ኀፍረቱ አልለቀቀንም።

የሚያሳዝነው ነገር ስለ ጎጃም አፈር ያልተጻፈ መስሎን ዝም ማለታችን አይደለም። ተጽፏል፤ እጅግም ብዙ ተጽፏል። ከደምበጫ ወደ ፈረስ ቤት በሚወስደው መንገድ አንጀኒ የምትባል ቀበሌ አለች። የስዊስ አገር የበርን ዩኒቨርሲቲ ከኢትዮጵያ የግብርና ሚኒስቴር ጋራ ተባብሮ በ1976 ዓ.ም. 113 ሄክታር በሚሆን አንድ ትንሽ ተፋሰስ ላይ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ አቋቋመ። ዝናቡ በየቀኑ ተለካ፤ በወንዙ የወረደው ውሃ ተለካ፤ ውሃው ይዞት የሄደው አፈርም ተመዘነ። በ1978 ዓ.ም. ደግሞ «ፋንያ ጁ» የሚባለው እርከን በተፋሰሱ ተሠራ። ስሙ የስዋሂሊ ቋንቋ ሲሆን ወደ ላይ ጣል ማለት ነው፤ ቦዩን ቆፍሮ አፈሩን ወደ ዳገቱ በኩል መጣል ስለሆነ፣ ዓመት ዓመትን ሲተካ መሬቱ በራሱ እየተደላደለ ይሄዳል። ይህን ሥራ ለማየት ከሩቅ አገር የመጡ ሊቃውንት ጥቂት አይደሉም።

እንዲሁም ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በአሜሪካ ካለው ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጋራ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2007 የተፋሰስና የውሃ ጥናት የማስተርስ ትምህርት ጀምሮ ነበር። ተማሪዎቹ የአንጀኒን መዝገብ አገላብጠዋል፤ ወደ አዴት በሚወስደው መንገድ በሚገኘው በደብረ ማዊም ሸለቆውን እየወረዱ ቦረቦሩን ለክተዋል። ከደረሱበት ነገር አንዱ፣ ጎርፉ የሚነሣው ዝናቡ ስለ በረታ ብቻ ሳይሆን የታችኛው መሬት ውሃ ጠግቦ ሌላ መቀበል ስለሚሳነው ነው የሚል ነው። ይህን ለአንድ ሽማግሌ ገበሬ ብንነግረው «ረግረጉ ከሞላ በኋላ ወዴት ይሂድ ኖሯል?» ብሎ እንደሚስቅብን አንጠራጠርም። ቢሆንም መሳቅና መለካት የተለያዩ ናቸው፤ እርከኑን ከየት ጀምሮ እንሥራ፣ ቦረቦሩን የቱ ላይ እንድፈነው ለሚል የወረዳ ሹም የሚረዳው የተለካው ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የተለካው በእኛ አፈር ላይ ነው። የተጻፈው ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ የታተመው በውጭ አገር መጽሔት ነው፤ መጽሔቱም የሚሸጠው በዶላር ነው። የአንጀኒ ልጅ ስለ አንጀኒ ለማንበብ ከበርን ተማሪ ይልቅ ይርቀዋል።

የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ጉዳይ እዚህ ላይ ይመጣል። ብዙዎቻችን ቤተ መጻሕፍት ማለት ለፈተና የምንሸሸግበት ጸጥ ያለ አዳራሽ ይመስለናል፤ ነገሩ ግን ከዚያ ይሰፋል። በአገራችን የከፍተኛ ግብርና ትምህርት ሲጀመር በሁለት ተቋሞች ስምምነት ነበር። የኦክላሆማ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶክተር ሄንሪ ቤኔት ሐሳቡን ካንቀሳቀሱ በኋላ በታኅሣሥ 1944 ዓ.ም. በፋርስ አገር በአውሮፕላን አደጋ ቢሞቱም፣ ውሉ በዚያው ዓመት ተፈረመ። ትምህርቱ በጅማ ተጀምሮ ወደ ዓለማያ ተዛወረ፤ ኮሌጁም በጥር 1950 ዓ.ም. ተመረቀ። የኦክላሆማ ሰዎች እስከ 1960 ዓ.ም. ድረስ አብረው ሠሩ። ይዘውት የመጡት ሐሳብ ማስተማር፣ መመራመርና ለገበሬው ማድረስ ሦስቱም የአንድ ቤት ሥራ ናቸው የሚል ነበር። ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በምንለው ተቋም ብዙዎቹ የአገራችን የግብርና ሊቃውንት ከዚህ ሐሳብ ወጥተዋል። ከሦስቱ የከበደው ግን ምንጊዜም ሦስተኛው ነው።

የመጽሔቱን ዋጋ በተመለከተ ደግሞ ያው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሌላ ብልሃት አመጣ። ማን የተባለው የግብርና ቤተ መጻሕፍቱ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1999 ከ100 የሚበልጡ የግብርና መጽሔቶችን በሲዲ ሰብስቦ «ቲያል» በሚል ስም ለድኻ አገሮች አቀረበ፤ በሣጥን ያለ ቤተ መጻሕፍት እየተባለ ተጠራ። ኋላም ሲዲው ቀርቶ ሁሉ ነገር በአንድ ሃርድ ዲስክ ገባ፤ ኢንተርኔት የሌለበት ካምፓስ በራሱ መስመር ያነበው ነበር። በ2003 ደግሞ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት «አጎራ» የሚባለውን አገልግሎት ከአሳታሚዎች ጋራ ተስማምቶ ከፈተ። ኢትዮጵያ ያለ ክፍያ ከሚጠቀሙት አገሮች መካከል ናት። ወጣት ሹማምንት እዚህ ላይ ልብ እንዲሉልን እንለምናለን፤ ለመመዝገብ የተፈቀደው ለዩኒቨርሲቲ ብቻ አይደለም። የምርምር ጣቢያ፣ ኮሌጅ፣ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት፣ የግብርና ኤክስቴንሽን ማእከልም ሊመዘገብ ይችላል። የሚያስፈልገው አመልክቶ የይለፍ ቃል መቀበልና ያንን ቃል ለሚፈልገው ሰው መንገር ነው።

መንገሩ ነው የሚያስቸግረው። እኛ በተማርንበት ተቋም (ስሙን እንተወው) አጎራ መኖሩን ያወቅነው የመመረቂያ ጽሑፋችንን ልናስረክብ ሁለት ሳምንት ሲቀረን ነው። የይለፍ ቃሉ በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ በአንድ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ የመሳቢያው ቁልፍ ደግሞ ከባለቤቱ ጋራ ለዓመት ፈቃድ ሄዶ ነበር። ሠራተኛው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ንብረት ጠብቅ የተባሉ ሰው ናቸውና ጠበቁ። መጽሐፍ ሲጠፋ ከደመወዛቸው የሚቆረጥባቸው ሠራተኛ መጽሐፍ ባይነበብ የሚቆረጥባቸው ነገር የለም።

አንዳንድ ሰዎች «ዛሬ ሁሉ ነገር በስልክ ይገኛል፤ ቤተ መጻሕፍት ለምን?» ሲሉ እንሰማለን። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭቱ ሲበረታ የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር፤ በሮቻቸው የተዘጉ ትምህርት ቤቶችም ብዙ ናቸው። ያን ጊዜ በስልክ የሚገኘው ሁሉ አብሮ ጠፋ። በሃርድ ዲስክ የተቀመጠ ወይም በወረቀት የታተመ ነገር ግን መስመር አይጠብቅም። ቀድሞ የነበረው የሣጥን ብልሃት አርጅቷል የሚሉትን በዚህ ምክንያት አንስማማቸውም።

የሚጣመሩት እጆች ሩቅ አይደሉም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በዘንዘልማ የግብርናና የአካባቢ ሳይንስ ኮሌጅ አለው፤ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምሕንድስናና የሒሳብ ማእከልም ከፍቷል። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ቡሬ ላይ ካምፓስ አለው። አዴት ላይ የግብርና ምርምር ማእከል አለ። በማእከሉ ተማሪው ሮቦት ሲገጣጥም ማየት ደስ ያሰኛል፤ አንቃወምም። ነገር ግን የአፈር ፒ ኤች መለኪያ ከሮቦት ይረክሳል፤ የመራዊና የቡሬ ልጅም አፈሩን ከየቤቱ በከረጢት ይዞ ሊመጣ ይችላል። ቤተ መጻሕፍቱ በበኩሉ ስለዚያው ወረዳ የተጻፈውን ጥናት ለቅሞ፣ ማስተርስ የሚማረው ተማሪ ሁለት ገጽ የአማርኛ ማጠቃለያ እንዲጽፍለት አድርጎ፣ ለትምህርት ቤቱና ለወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት ቢልክ ምን ያህል ወጪ ይጠይቃል? ጥናቱን የጻፈው ሰው ገበሬውን ደጋግሞ ጠይቆ፣ ጠላውን ጠጥቶ፣ አፈሩን ቆፍሮ ሄዷል። ሁለት ገጽ ቢመልስለት ብድር መክፈል እንጂ ቸርነት አይባልም።

ለዚያ ተማሪ የገባነው ዕዳ ስለ ነበረ፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ወዳጃችንን አስቸግረን ስለ ኮምጣጣ አፈርና ስለ ኖራ የሚናገሩ ሦስት ጽሑፎች አሳተምን፤ በመራዊም ስናልፍ ቤታቸው ድረስ ሄድን። ልጁ የመጀመሪያውን ገጽ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ፤ በየመስመሩም እየቆመ የቃሉን ፍች ጠየቀን። አባቱ ከማሳ ገብተው እግራቸውን ሲታጠቡ ጥቂት ካዳመጡ በኋላ ቀና አሉና «እሱስ ይሁን፤ ለአንድ ቃዳ ስንት ኩንታል ነው የሚለው?» አሉን።

ጽሑፉ የሚናገረው በሄክታር ነበርና፣ ልጁ እርሳሱን አውጥቶ ማካፈል ጀመረ።