ጀፎረና የሰውነት እንቅስቃሴ

የሰው አካል የተሠራው ለእንቅስቃሴ ነው። አጥንት ከአጥንት የተጋጠመው፣ ጡንቻም ከአጥንት የተያያዘው ሰው እንዲራመድ፣ እንዲሸከም፣ እንዲቆፍርና እንዲሮጥ ነው። ሳይታረስ የከረመን መሬት አረም እንደሚወርሰው ሁሉ፣ ሳይንቀሳቀስ የሚውል አካልም ኃይሉ እየላላ፣ ትንፋሹም እያጠረ ይሄዳል። የሰውነት እንቅስቃሴ ለጤና ምን ይጠቅማል? ምን ያህልስ ያስፈልጋል? ለዚህ መልስ ለመስጠት በጉራጌ ምድር፣ በተለይም በቸሃ የሚታየውን ኑሮ በምሳሌነት እንመልከት።

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላ ወልቂጤ ይደረሳል። ከዚያም ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲታለፍ የቸሃ ወረዳ ዋና ከተማ እምድብር ይገኛል። በዚህ አገር መንደሮች ውስጥ እንግዳን አስቀድሞ የሚያስደንቀው ጀፎረ ነው። ጀፎረ በመንደሩ መካከል የተዘረጋ፣ ሣር የለበሰ ሰፊ የጋራ መንገድ ነው። ቤቶቹ በግራና በቀኝ ተሰልፈው ፊታቸውን ወደ ጀፎረው ይመልሳሉ፤ ከጓሯቸውም የእንሰት ተክል ይታያል። ጀፎረ የማንም የግል ይዞታ አይደለም። ልጆች ይጫወቱበታል፤ ፈረስ ይጋለብበታል፤ ከብት ይግጥበታል፤ ሠርግና ለቅሶም ይስተናገድበታል። ስለዚህ ጀፎረ ማንም ሳይከፍል የሚገባበት የመንደር ስታዲየም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የቸሃ ገበሬ ኑሮ ራሱ በእንቅስቃሴ የተሞላ ነው። ወንዶች የእንሰቱን መሬት ይቆፍራሉ፤ ሴቶች ደግሞ እንሰቱን ይፍቃሉ፤ ቆጮውንና ቡላውን ያዘጋጃሉ። ገበያ የሚኬደው ብዙ ጊዜ በእግር ነው። ከብዶ የሚታየው ሥራ በደቦ ሲሠራ ይቀላል፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ» እንደሚባለው ነው።

ይሁን እንጂ ኑሮ ይለወጣል። ከጉራጌ ምድር ወጥተው በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በንግድ የሚተዳደሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። አባቱ ከንጋት ጀምሮ ሲቆፍር የኖረ ሰው ልጁ ቀኑን ሙሉ በሱቅ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሊውል ይችላል። ምግቡ አልቀነሰም፤ እንቅስቃሴው ግን ቀንሷል። ተማሪም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም፤ በክፍል ውስጥ ተቀምጦ ይውላል፣ ማታም ተቀምጦ ያጠናል።

ተቀምጦ መዋል የሚያስከትለውን ጉዳት ለማስረዳት አንድ የታወቀ ጥናት እንጥቀስ። ጄሪ ሞሪስ የተባሉ የብሪታንያ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተሙት ጥናት የለንደንን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ሾፌሮችና ቲኬት ቆራጮች አነጻጸሩ። ሁለቱም ወገኖች የሚሠሩት በአንድ አውቶቡስ ውስጥ ነበር። ልዩነታቸው ሾፌሩ ተቀምጦ ሲውል፣ ቲኬት ቆራጩ ግን ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ መዋሉ ነው። በጥናቱም በልብ ሕመም የሚጠቁት ቲኬት ቆራጮች ከሾፌሮቹ ያነሱ ሆነው ተገኙ። የሱቁን ነጋዴና የእርሻውን ገበሬ ስናነጻጽር ይህን ምሳሌ ማስታወስ ይገባል።

እንቅስቃሴ በሰውነት ውስጥ ምን ይሠራል? በመጀመሪያ ልብን ያጠነክራል። ዕረፍት ላይ ያለ ሰው ልብ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይረጫል፤ በብርቱ እንቅስቃሴ ጊዜ ግን ይህ መጠን ሦስትና አራት እጥፍ ሊሆን ይችላል። ይህን ሥራ የለመደ ልብ በአንድ ምት ብዙ ደም መርጨት ስለሚችል በዕረፍት ጊዜ ቀስ ብሎ ይመታል። ሁለተኛም፣ የሚሠራ ጡንቻ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ስለሚጠቀምበት ከስኳር በሽታ ለመጠበቅ ይረዳል። ሦስተኛም፣ አጥንት ክብደት ሲያርፍበት ይጠነክራል። ከዚህ ሁሉ ሌላ እንቅስቃሴ እንቅልፍን ያጣፍጣል፤ ጭንቀትንም ያቃልላል።

መጠኑን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 መመሪያ አውጥቷል። በመመሪያው መሠረት ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ መንቀሳቀስ ይገባቸዋል፤ ከዚህም ውስጥ በሳምንት ሦስት ቀን ጡንቻንና አጥንትን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ሊኖር ያስፈልጋል። ለዐዋቂዎች የተመደበው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት ግን ከ11 እስከ 17 ዓመት ከሆናቸው 100 ወጣቶች መካከል 81 ያህሉ ከሚያስፈልጋቸው መጠን በታች እንደሚንቀሳቀሱ ተገልጿል።

የእንቅስቃሴው ዓይነት እንደ አገሩና እንደ አቅም ይለያያል። ለምሳሌ በስኮትላንድ ያደገው ጎልፍ በዱላ ትንሽ ኳስ እየመቱ 18 ጉድጓዶችን የሚያዳርሱበት ጨዋታ ነው። ዋና ጥቅሙ ከመምታቱ ይልቅ በሣር ላይ ብዙ ኪሎ ሜትር ማስኬዱ ነው። እኛም ጫፉ በተቆለመመ ዱላ ጥንግ የሚመታበት የገና ጨዋታ አለን፤ ይኸኛው ደግሞ ሩጫ ስለሚበዛበት ትንፋሽን ይፈትናል። በከተሞች በተከፈቱ ጂምናዚየሞች ክብደት እያነሡ ጡንቻን ማዳበርም ይቻላል። ገንዘብ የሌለው ሰው ግን «ጂምናዚየም የለኝም» ብሎ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም። በሁለት እጅ መሬት ተደግፎ ሰውነትን ከፍና ዝቅ ማድረግ፣ ቁጢጥ ብሎ መነሣት፣ ገመድ መዝለልና ዳገት መውጣት አንድ ሳንቲም አይጠይቁም። ዋናው ነገር ዘወትር መሥራት ነው፤ አንድ ቀን እስኪዝሉ ሠርቶ ወር ሙሉ መተኛት ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ከመጀመር በፊት ሰውነትን ማፍታታት፣ ከፈጸሙም በኋላ ውኃ መጠጣትና ማረፍ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። «ስትቆፍርና እንሰት ስትፍቅ የምትውል ወጣት ሌላ እንቅስቃሴ ምን ያደርግላታል?» የሚል ነው። ሥራ ሰውነትን እንደሚያጠነክር አይካድም። ነገር ግን ድካም ሁሉ ስፖርት አይደለም። ሥራ አንዱን ክንድና አንዱን ወገብ ደጋግሞ ያደክማል፤ ጨዋታ ግን አካልን በሙሉ ያዳርሳል፤ ልብንም ደስ ያሰኛል። ስለዚህ ልጃገረዷ ከሥራዋ በኋላ ከወንድሞቿ እኩል በጀፎረው ላይ የመሮጥና የመጫወት ዕድል ሊኖራት ይገባል።

በመጨረሻም ስለ ጀፎረው ራሱ እናስብ። መሬት በተፈለገ ቁጥር ሜዳ ይጠብባል፤ አንዱ አጥሩን አንድ ክንድ ሲያስገፋ ሌላውም ይከተለዋል። ጀፎረን ለዘመናት ጠብቆ ያቆየው ባህላዊው ሕግ እንደሆነ ሽማግሌዎች ያስረዳሉ። በከተማ ሜዳ ከታጠረ በኋላ ሰው ለመሮጥ ገንዘብ ከፍሎ አዳራሽ ይገባል። የቸሃ ልጅ ግን ይህን ሀብት በደጁ አግኝቶታል። ጀፎረውን መጠበቅ ሣሩን ወይም ባህሉን መጠበቅ ብቻ አይደለም፤ የመጪውን ትውልድ ልብና ሳንባ መጠበቅ ጭምር ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ጥበቃ ደግሞ ሜዳውን በየቀኑ መጫወቻ ማድረግ ነው፤ ልጆች የሚሮጡበትን ሜዳ ለማጠር የሚደፍር ጥቂት ነውና።