ተጨማሪ መረጃ፦ በአንድ ተማሪ አንድ ዩሮ

ፖርቱጋል ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተማሪዎች በትምህርት ቤታቸው ገንዘብ ላይ ድምፅ የሚሰጡበትን አሠራር በመላ አገሪቱ ዘርግታለች። ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ለሚያስተምር የመንግሥት ትምህርት ቤት በተማሪ አንድ ዩሮ ይታሰብለታል፤ ተማሪዎቹ ጥቂት ቢሆኑም ከ500 ዩሮ አያንስም። በዚህ ገንዘብ ሕንፃ አይሠራም፤ ኳስና መረብ ወይም ጥቂት አግዳሚ ወንበሮች ግን ይገዙበታል።

ሐሳብ ያለው ተማሪ ብቻውን ወይም እስከ አምስት ሆኖ በቡድን ዕቅዱን ያቀርባል። ዕቅዱ ለምርጫ እንዲቀርብ ቢያንስ አምስት በመቶ የሚሆኑት ተማሪዎች ሊደግፉት ይገባል። ከደንቦቹ ሁሉ ጠቃሚው ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ አቅራቢው ከጓደኞቹ አልፎ የማያውቃቸውን የሌላ ክፍል ተማሪዎች ማሳመን አለበትና። «ስንት ብር ይፈጃል?» የሚል ጥያቄም አይቀርለትም (እዚያ ብሩ ዩሮ ነው እንጂ)።

ድምፅ የሚሰጠው ማርች 24 ነው። ዕለቱ በአገሪቱ የተማሪዎች ቀን ሲሆን፣ በ1962 እ.ኤ.አ. የወቅቱ አምባገነን መንግሥት በዓሉን በመከልከሉ ተማሪዎች ያነሡትን ተቃውሞ ያስታውሳል።

አሠራሩ እንከን አያጣም። ብዙኃኑ ኳስ ወዳድ ከሆነ፣ መጽሐፍ የሚሹት ጥቂቶች በየዓመቱ ሊሸነፉ ይችላሉ።

እንዲህ በጀትን ከሕዝብ ጋር የመመደብ ልምድ በፖርቱጋል አልተጀመረም፤ በሰፊው የታወቀው በ1989 እ.ኤ.አ. በብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ ከተማ ነው። በአሜሪካም በፊኒክስ ከተማ የሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ2013 እ.ኤ.አ. 2,000 ዶላር ለተማሪዎቹ ውሳኔ ትቷል።