የባሕር ውኃ በኮዬ ፈጬ፤ ገንዳው ይፍረስን ወይስ ይጠገን?

ዓሣን በመስተዋት ገንዳ ማኖር በከተማችን እንግዳ ነገር አይደለም። ነገር ግን የባሕር ውኃ በቤት ውስጥ አበጅቶ፥ ኮራል የሚባለውንም የባሕር ፍጥረት በውስጡ ማሳደግ ከብዙ ጭንቀት ጋራ ነው። ይህንንም የምጽፈው ከሰው ሰምቼ ሳይሆን በቤቴ ደርሶብኝ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ዘመዴ ወደ ውጭ አገር ሲሄድ 200 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ከነዓሣው ትቶልኝ ሄደ። እኔም በኮዬ ፈጬ በሚገኘው የጋራ መኖሪያ ቤታችን አኖርሁት። የመጣ እንግዳ ሁሉ ቡናውን ትቶ እርሱን ይመለከት ነበር። እኔም በዚህ ኰርቼ፥ ዘመዴ ያልነበረውን ድንጋያማ ኮራል በብዙ ገንዘብ ገዝቼ ጨመርሁበት። ጥፋቱ ከዚህ ይጀምራል።

ባለፈው ክረምት መብራት ደጋግሞ ጠፋ፤ አንድ ሌሊትም እስኪነጋ ሳይመለስ ቀረ። በማለዳ ስንነሣ ከአራቱ ዓሣዎች ሁለቱ ሞተው፥ የኮራሉም ሥጋ ተገፎ ነጭ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ አገኘን። ከጥቂት ሳምንትም በኋላ አረንጓዴ ሽበት መስተዋቱን ሸፈነው። በዚያን ጊዜ ባለቤቴ፥ «ጎረቤት በጀሪካን ውኃ በሚሸከምበት ሰፈር ለዓሣ ውኃ ማጣራት ነውር ነው፤ ይፍረስ» አለች። ታናሹ ልጄም፥ «አባባ፥ የቀሩት ሁለቱስ የት ይሄዳሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ለሁለቱም የምመልሰው አልነበረኝም።

ኮራል ድንጋይ ወይም ተክል ቢመስልም እንስሳ ነው። በሥጋው ውስጥ የሚኖሩ እጅግ ደቃቅ ፍጥረታት በብርሃን ኀይል ምግብ ሠርተው ይመግቡታል፤ እርሱም ከውኃው ካልሲየም እየወሰደ አጥንቱን ይገነባል። የጥንቱ የምጽዋ ቤቶች የተሠሩበት ድንጋይ ይኸው ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ኤረንበርግ ስለ ቀይ ባሕር ኮራሎች በ1834 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መጽሐፍ አሳትሟል፤ የጕዞ ባልንጀራው ሄምፕሪች ግን በ1825 በምጽዋ ሞተ። ሩፔል የተባለው ሌላው ጀርመናዊም የቀይ ባሕርን ባለ ሁለት ቀለበት ዓሣ በ1830 ስም ሰጥቶ ጻፈ። በእኛ ገንዳ የቀሩት ሁለቱ የዚህ ዓሣ ዘመዶች ናቸው፤ በመልካም ቢያዙም ከአሥር ዓመት በላይ ይኖራሉ።

ለአንድ ሊትር ውኃ 35 ግራም ያህል ጨው ስለሚያስፈልግ፥ ገንዳችን 7 ኪሎ ይፈጃል። የአፋር ጨው ለወጥ መልካም ቢሆንም ካልሲየሙና ማግኒዝየሙ በልኩ ስለማይገኝበት ለዚህ አይሆንም፤ ስለዚህ ከውጭ አገር የመጣውን እንገዛለን። ከሁሉ የሚከፋው ግን የአየር ነገር ነው። ሰፈራችን ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለ ሆነ፥ ውኃው የሚይዘው ኦክሲጅን በባሕር ጠረፍ ከሚይዘው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። መብራት ጠፍቶ ውኃ አንቀሳቃሹ ሞተር ሲቆም፥ ዓሣው ከቈላ ይልቅ እዚህ ፈጥኖ ይታፈናል።

እንግዲህ አፍርሶ እንደ ገና መጀመር ምን ይጠቅማል? የዓሣውን ኩስ ጉዳቱ ወደሚያንስ ነገር የሚለውጡት ባክቴሪያዎች የሚኖሩት በድንጋዮቹ ላይ ነው። ድንጋዩ ታጥቦ ውኃው ሁሉ ቢደፋ፥ እነርሱ እንደ ገና እስኪራቡ ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ያልፋል፤ በዚያም መካከል ሁለቱ ዓሣዎች ማደሪያ አይኖራቸውም። መብራቱም ቢሆን ገንዳው አዲስ ነው ብሎ አይራራለትም።

በውኃው የተጠራቀመውን ናይትሬት ስንለካው በአንድ ሊትር 80 ሚሊግራም ሆኖ ተገኘ። በየሳምንቱ 20 ሊትር ብንለውጥ፥ ሌላ ካልተጨመረበት፥ በሰባት ጊዜ ወደ ግማሽ ይወርዳል። አስቀድሞ እንደ በዓል ድግስ እንመግባቸው ስለ ነበረ፥ ምግቡንም ቀነስን። በፍርድ ቤት መዝገብ ስጽፍ የኖርሁ ሰው ነኝና በቤቴም ውሳኔውን በወረቀት አሰፈርሁት፤ ገንዳው አይፈርስም፤ በባትሪ የሚሠራ የአየር መንፊያ ይገዛ፤ ድንጋያማ ኮራል ዳግመኛ ወደ ቤታችን አይገባም፤ ሁለቱ ዓሣዎች በሞቱ ጊዜ ገንዳው ይሸጥ።

ባለቤቴ በመጨረሻው ቃል ተስማማች፤ ነገር ግን የእርስዋን ቃል ጨመረችበት። ማጣሪያው ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ሁለት ሦስት ሊትር ይጥላልና፥ የሚጣለው ውኃ ለልብስና ለወለል ማጠቢያ እንዲሆን አዘዘች። እነሆ፥ በርሜሉ በመታጠቢያ ቤቱ በር ቆሞአል። ስምንት ሳምንት አልፎ ባለፈው ቅዳሜ ስንለካው ናይትሬቱ 45 ደርሶአል፤ ልጁም ቁጥሩን በግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ በቀይ እርሳስ ጻፈው። መብራት በዚያው ሌሊት ሦስት ሰዓት ያህል ጠፍቶ ነበር፤ መንፊያው እስኪመለስ ድረስ ሲያንጐራጕር ሰማነው።